ጆሮዬ ከተከፈተ ወዲህ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ቅባት ትቀቢያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት አድለሽ ጨረስሽው? ጋሼ፣ ባለቤትሽ፣ ሳላቸው ለቀቃቸው? ልጆቹስ ትምህርታቸውን እንዴት ይዘውታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አንድ ጥርሴን አስነቅያለሁ፤ ከዚያ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ባለፈው ደብዳቤዬ ሦስት ዓመቴ ሲሞላ ጠቅልዬ እመጣለሁ ብዬሽ ነበር። አንቺም ወሬው እንደደረሰሽ የጓሮውን ክፍል ኖራ አስቀብተሽ፣ አልጋውን አስጠግነሽ፣ ለሰፈሩ ሁሉ “ካህኑ ወንድሜ ሊመጣ ነው” ብለሽ ማወጅሽን ትልቋ ልጅሽ ጽፋልኛለች። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ሳምንት ሙሉ ያንገራገርኩት ለዚህ ነው። ዙሪያ ጥምጥም ከሄድኩ ትቆጪኛለሽና ቁርጡን ልንገርሽ፤ አልመጣም። ሌላ ሦስት ዓመት ልቆይ ነው። እባክሽ ደብዳቤውን ሳትወረውሪው ምክንያቴን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ማኅበራችን በላከኝ በዚህ የሰው አገር ሁለት ካህናት ነን። አንደኛው ሽማግሌው ናቸው። ተወልደው ያደጉት እዚሁ ስለሆነ ግማሹ ምእመን ዘመዳቸው ነው፣ ግማሹን ደግሞ ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው እኔ ነኝ፣ መጤው። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው፤ አጠገቡ የአውቶቡስ ጋራዥ ስላለ ጠዋት ስቀድስ ሞተሩም አብሮኝ ያጓራል። ከቅዳሴ በኋላ ሆስፒታል ሄጄ በሽተኛ እጠይቃለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ቋንቋቸውን ያስጠኑኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ኑዛዜ እንሰማለን። የመናዘዣ ሳጥኖቹ ሁለት ናቸው፤ የሽማግሌው በግራ በኩል፣ የኔ በቀኝ። በሩ ሲጢጥ የሚለው የኔ ነው።

ስመጣ ቋንቋቸው “እንደምን አደራችሁ” ከማለት አያልፍልኝም ነበር። ሽማግሌው ግን ግድ የለም፣ ጸጸቱን ከፊቱ ካየህ ይበቃል፣ ሰሚው እግዚአብሔር ነው ብለው አስቀመጡኝ። እኔም የኃጢአት መፍቻውን ጸሎት በቃሌ አጥንቼ ገባሁ። አይ እትዬ፣ የሰዉን ብዛት ብታዪ! በሽማግሌው በኩል ሁለት ሦስት ሰው፣ በኔ በኩል አርባ። ሰልፉ በሩን አልፎ የጋራዡ አጥር ይደርሳል። ጸጋ ወረደልኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ላንቺም “እዚህ ሰዉ በጣም ወዶኛል” ብዬ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፌልሽ ነበር። ያንን ደብዳቤ አስቀምጠሽው እንደሆነ አሁን ጣይው።

ጉዱን ያወጣችው ምግብ አብሳያችን ናት። ያኔ የወጥ ቤት ወሬ ቀስ ተብሎ ከተነገረኝ ይገባኝ ነበር፤ ኑዛዜ ግን ሹክሹክታ ነው፣ ያውም በጥድፊያ፣ አንዱም አይያዝልኝም ነበር። አንድ ቀን ድንች እየላጠች፣ ሰዉ ወደርስዎ የሚመጣው እኮ ስለማይሰሙ ነው አለችኝ። ለሽማግሌው የተናዘዘ ሰው በማግስቱ ገበያ ላይ ሲያገኛቸው ዓይናቸውን ማየት ያፍራል። እርስዎ ግን የተቆፈረ ጉድጓድ ነዎት፣ ሁሉም ጥሎብዎት ይሄዳል፣ እኔም ያው ነኝ አለችኝ። ለማስቀየም አይደለም፤ የድንች ዋጋ እንደምትነግረኝ አድርጋ ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ውሃ ሆንኩ። ያንኑ ዕለት፣ ትቆያለህ ወይስ ትመለሳለህ ብለው ለጠየቁኝ ለማኅበራችን አለቃ፣ እመለሳለሁ የሚል መልስ ጽፌ ፖስታ ውስጥ ከተትኩ። የመላኪያው የመጨረሻ ቀን ገና ስለነበር መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። ላንቺም የጻፍኩት በዚያው ሰሞን ነው። የሚያመጣኝ ናፍቆት ነው ማለቴ ውሸት አይደለም፤ ግን ናፍቆቱን ይህን ሁሉ ጊዜ ችዬው ኖሬአለሁ፣ ያልቻልኩት ውርደቱን ነው።

ከዚያ ሁለት ወር እንኳ ሳይቆይ፣ አንድ ቅዳሜ ተቀምጬ ስሰማ ገባኝ። አንድ ቃል ሁለት ቃል አይምሰልሽ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገባኝ። ማን እንደሆነና ምን እንዳለ ከኔ ጋር መቃብር ይወርዳል። ሰውየው ግን የተናገረው ለማይሰማ ሰው ነበር። ሽማግሌውን ሳማክራቸው፣ ዝም አይነቅዝም፣ ሰዉ እስከመጣ ድረስ ይምጣ፣ አንተን ምን ቸገረህ አሉኝ። እኔ ግን ልጅ ሆኜ የጎረቤት ጠብ በግድግዳ ሳዳምጥ ይዘሽ ጆሮዬን የቆነጠጥሽኝ ትዝ አለኝ። እሱን ባስታወስኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ያመኛል።

ስለዚህ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ፣ አስተማሪዬ ያረሙልኝን ስብከት አንብቤ ስጨርስ ነገርኳቸው። ቋንቋችሁ ገብቶኛል፣ ከእንግዲህ የምትነግሩኝን እሰማለሁ፣ አስባችሁበት ኑ አልኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር። ምግብ አብሳያችን ፊቷን በሁለት እጇ ስትሸፍን ከላይ ሆኜ አየኋት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳጥኔ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ዝር የሚል ጠፋ። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ጠበቅኩ። በሽማግሌው በኩል እነዚያው ሁለት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የኔዎቹ አርባ ግን ኃጢአት በቃን ብለው የተማማሉ ይመስል አንዳቸውም የሉ። ልነሣ ስል አናጢው መጣ። አናጢው የቤተ ክርስቲያኑን ወንበሮች የሚጠግን፣ የሽማግሌው የእህት ልጅ ነው። እሑድ እሑድ ከኋላ ቆሞ ያስቀድሳል እንጂ ሲናዘዝም ሲቆርብም አይቼው አላውቅም። የመሣሪያ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ስላየሁት በሩን ሊሠራ የመጣ መስሎኝ፣ ዛሬ ሰው የለም፣ እንደ ልብህ ሥራ አልኩት። ሳጥኑን መሬት አስቀመጠና ባርኔጣውን አወለቀ።

“አባ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ይዤው ዞሬአለሁ” አለኝ። “ለአጎቴ እንዳልነግር አፈርኩ። ለማይሰማኝ ሰው መንገር ደግሞ ለግድግዳ መንገር ሆነብኝ። እርስዎ ከመጡ ወዲህ እስኪሰሙ ስጠብቅ ነበር።”

ከዚያ ተንበረከከ። ከዚያ ወዲያ ያለው የሱና የእግዚአብሔር ነው። ይህችን ታህል እንኳ የጻፍኩልሽ አስፈቅጄው ነው፤ ለእህቴ ልንገራት ወይ ብለው ይንገሯት አለኝ። ሲወጣ በሩን ጠግኖልኝ ሄደ፤ አሁን ሲጢጥ አይልም።

ሰኞ ጠዋት መሳቢያዬ ውስጥ የነበረውን ፖስታ ቀድጄ ሌላ መልስ ጻፍኩ። ትናንት ቅዳሜ ሦስት ሰው መጣ። አርባው ሦስት ሆነ ማለት ነው፤ ግን ሦስቱንም ሰማኋቸው። እኔ ብመጣ የሚተካኝ ሰው እንደገና “እንደምን አደራችሁ” ከማለት ይጀምራል፤ እነሱም እንደገና ሊጠብቁ ነው። ያንን ማድረግ አልሆነልኝም። አንቺን ግን እንደጎዳሁሽ አውቃለሁ። እናትና አባታችን ሲሞቱ ትምህርትሽን ትተሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። ጉልበትሽ ሲደክም ምርኩዝ እሆንሻለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር፤ ይኸው አልሆንኩሽም። ይህን ስጽፍ እንባዬ መጥቷል፣ አልደብቅሽም።

ለጋሼ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሲጋራውን ካልተዉ ሳሉም እንደማይተውዎት ካህን ነግሮዎታል በያቸው። ትልቋን ልጅሽን ስለ ወሬዋ አመስግኚልኝ፤ ኖራ የተቀባውን ክፍል ለሷ ስጪያት፣ ለፈተናዋ ታጥናበት። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ማን ማን እንደሆነ ከፎቶው ጀርባ ካልጻፋችሁ እኔ አልለያቸውም። አክስታችንን ጉልበት ስሜአለሁ በይልኝ። ጎረቤትሽ ልብስ ሰፊዋ “እውነት ይመጣል?” ብላ ከጠየቀችሽ፣ የዋሸሁት እኔ እንጂ አንቺ እንዳልሆንሽ ንገሪያት።

ሰው ሁሉ እኔ ፊት ተንበርክኮ ይፍቱኝ ይለኛል። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ የተናዘዝኩት ላንቺ ነው። የቁጣሽን ያህል ተቆጪ፤ ጆሮዬም እዚሁ አለልሽ። ስትጨርሺ ግን፣ ሌላ ምንም ባትጽፊልኝ፣ በአንድ ወረቀት ላይ “ይፍታህ” ብለሽ ላኪልኝ።

ያሳደግሽው ታናሽ ወንድምሽ

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከጋራዡ አጠገብ ካለው ቤት
እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን