የተቀያየረው ጫማዬ

ለእህቴ ልጅ ለሚክያስ፣ ጆሃንስበርግ

ይህ ሰላምታዬ ያለ ፓስፖርት ስንቱን ድንበር አቋርጦ በጤናህ ያግኝህ። እኛ ሆሳዕና ላይ ጌታ ይመስገን ደህና ነን፤ እኔማ ጭራሽ አምሮብኛል።

እህትህ ርብቃ ከውትድርና ስትመለስ ያመጣችብንን ጣጣ ታስታውሳለህ? እሑድ ጠዋት ሐዳሳን አዝላ፣ እንሰቱ ሥር አሰልፋን፣ «ተጠንቀቅ!» ብላ ጫማችንን ትፈትሽ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ጫማዬን የሚያይልኝ የለም። ልጇ ሐዳሳ አምስት ዓመት ሞላት። በደንብ ትበላለች፤ ውሃ ስትፈልግ በጣቷ ታሳየናለች። አንተ ግን ደውለህ «ድምጿን አሰማኝ» ባልከኝ ቁጥር፣ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን «ተኝታለች» እልህ ነበር።

ባለፈው እሑድ የግራ ጫማዬን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አድርጌ እንሰቱ ሥር ብቻዬን ተሰለፍኩ። ሐዳሳ መጣች፤ ዞረችኝ፤ አጎንብሳ አየች።

«አጎቴ፣ ጫማህ ተቀያይሯል! ተጠንቀቅ!»

እናትህ ርብቃ ካረፈች ወዲህ ያልተሰማውን ድምጿን ሰምታ ከጓዳ ሮጣ ወጣችና እንባዋን እየጠረገች አጠገቤ ተሰለፈች። ሐዳሳ «አሳርፍ» የሚለውን ረስታዋለች መሰለኝ፣ ሁለታችንም ቆመን ቀረን፤ ቤተ ክርስቲያንም አረፈድን።

ቅዳሜ ደውል። አልተኛችም።

እስካሁን «አሳርፍ» ያልተባለው አጎትህ ሄራሞ