ሊመጣ፣ ላይመጣ

ለእታለሜ፣ ከእናት ባላነሰ ላሳደግሽኝ፤

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ካንቺ ቀድሞ እየተንቋቋ ሰላም ይላል? የእማዬስ ዓይን? ጋሼ አዲሱን ሥራ ለመደው? ልጆቻችሁስ ትምህርታቸውን ይዘዋል ወይስ ትምህርቱ ነው እነሱን የያዛቸው? ሁሉንም አንድ በአንድ በሐሳቤ እየሳልኩ ነው የምጠይቅሽ። እዚህ ባለቤቴ ደህና ናት፤ ልጅቷም ቁም ሣጥን ተደግፋ መቆም ጀምራለች። እኔም... እዚህ ላይ «እኔም ለጤናዬ ደህና ነኝ» ብዬ ማለፍ ልማዴ ነበር። አምስት ወር ሙሉ እንደዚያ ጽፌልሻለሁ። ዛሬ ግን እስክሪብቶዬ እምቢ አለኝ።

ባለፈው ደብዳቤሽ «በላክልን ፎቶ ሁሉ ልጅቷን የያዘቻት እናቷ ናት፤ አንተ ዳር ቆመህ እንደ እንግዳ ትስቃለህ፤ ከሚስትህ ጋር ተጣልታችኋል እንዴ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ካንቺ ዓይን ምን ያመልጣል። አልተጣላንም። ግን ልጄን ሳላቅፋት አምስት ወር ገደማ ኖሬያለሁ። ስለማልወዳት እንዳይመስልሽ። እንዳልጥላት ፈርቼ ነው። ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ ብቻሽን ጨርሺው፤ ለእማዬ የሚነገረውን መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር መማሪያ ክፍል እየቀባን ነበር፤ ጓደኛዬ ስልሽ ያን ከቁመቱ የተነሳ «ሜትሮ» የምንለውን ረጅሙን ማለቴ ነው። ኮርኒሱን ጨርሼ ከመሰላሉ ወርጄ፣ ባልዲ ውስጥ ነጭ ቀለም እያማሰልኩ ነበር። የማማሰያው እንጨት እጄ ላይ እንደነበረ አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሜትሮ ላዬ ላይ ጎንበስ ብሎ ስሜን ሲጠራኝ ነው። መሃሉ የለም። እሱ እንደነገረኝ ድንገት ጮኼ ወደቅሁ፤ ሰውነቴ ግትር አለ፤ ቀጥሎ ተንቀጠቀጥኩ። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው ይላል። ሌሎቹ ወደ በሩ ሲሸሹ እሱ ጃኬቱን አውልቆ ራሴ ሥር አደረገና በጎኔ አስተኛኝ። ባልዲው ተደፍቶብኝ ስለነበር ስነቃ ከግድግዳው የምለየው በዓይኔ ብቻ ነበር። ምላሴን ነክሼዋለሁ። ሱሪዬም... መቼም ላንቺ አላፍርም፣ ስንቱን አጥበሽልኛል፤ ሱሪዬም ረጥቦ ነበር። ቀለሙ ስለሸፈነልኝ ማንም አላወቀም። በዚህ ሁሉ ዓመት ቀለም እንደዚያ ቀን ውለታ ውሎልኝ አያውቅም።

ሆስፒታል ራሴን በመሣሪያ አነሱት፤ ጭንቅላቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው አስተኙኝ፤ ደሜንም መረመሩት። ምንም የለም። ሐኪሟ ይህን የነገረችኝ ደስ ብሏት ነው። እኔ ግን ምንም የሚሉት ነገር እንደዚህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። እኛ ግድግዳ ላይ እርጥበት ስናይ መጀመሪያ የሚያፈሰውን ቧንቧ እንፈልጋለን፤ ቧንቧው ሳይገኝ ቀብቶ መሄድ ማጭበርበር ነው። እኔን ግን ቧንቧው የለም፣ ቀብተህ ሂድ አሉኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ መድኃኒትም አልታዘዘልኝም። መሰላል ላይ አትውጣ፣ መኪና አትንዳ፣ እንቅልፍህን ጥገብ ተባልኩ። የመኪናውን ትእዛዝ መፈጸም አልከበደኝም፤ ድሮም የለኝም።

ከባለቤቴ ጋር ልንወጣ ስንል «እንደገና ይመጣብኛል ወይ?» ብዬ ጠየቅኳት። ጣጣው የጀመረው እዚህ ላይ ነው። እኔ «ሊመጣ ይችላል» ስትል ሰማሁ። ባለቤቴ ደግሞ «ላይመጣ ይችላል» ነው ያለችው ብላ ድርቅ አለች። ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ በአንድ አፍ የወጣውን አንድ ቃል፣ ለየብቻ ሰምተን ወጣን። «ጆሮህ ውስጥ ስቱኮ ገብቷል» ትለኛለች። «አንቺ የሰማሽው የምትፈልጊውን ነው» እላታለሁ። በዚች በአንዲት ፊደል ስንት ራት ቀዝቅዞብናል።

እኔም የሰማሁትን ይዤ ኖርኩ። የዓይኔ ቆብ ሲርገበገብ መጣ እላለሁ። ትን ሲለኝ መጣ እላለሁ። መንገድ ላይ ስሄድ ብወድቅ የማይጎዳኝን ቦታ በዓይኔ እየመረጥኩ ነው። መታጠቢያ ቤት መቆለፍ ባለቤቴ ስለከለከለችኝ ውስጥ ሆኜ እንድዘፍን ተስማማን፤ ድምፄ ከተቋረጠ ትገባለች። ድምፄን ታውቂዋለሽ፤ ጎረቤቶቻችን ጨዋ ሰዎች ናቸው። አንድ ቀን ግጥሙ ጠፍቶኝ ዝም ስል፣ እጇ ሳሙና እንደሆነ በሩን በርግዳ ገባች። ቀጣዩን ስንኝ እያሰብኩ ነው አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን፤ ወዲያው ግን እሷ ማልቀስ ጀመረች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ጥንቃቄዬን ላስረዳት ስሞክር «አንተ እየጠረጠርክ ተመነጠርክ» አለችኝ። የእማዬ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ደግሞ ከጆሮዬ አልጠፋ ብሎ፣ መፍራቴ ራሱ ያንን ነገር እንዳይጠራብኝ እፈራለሁ።

ሥራዬን አላጣሁም፤ ይህንን አመስግኚልኝ። ሜትሮ የግድግዳውን ላይኛ ግማሽ ይቀባል፣ እኔ ታችኛውን። አለቃችን «ሁለት ሆናችሁ አንድ ሰው ወጣችሁ» ብሎ ይቀልዳል። ብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግና ጥግ በፔኔሎ ብሩሽ ማስተካከል የኔ ሆኗል። ቁጭ ብዬ ስለምሠራ ጥጎቼ ከድሮው ያምራሉ።

ቤት ስገባ ግን ልጅቷ አለች። በር ላይ ስታየኝ ሁለት እጇን ወደ ላይ ትዘረጋለች። እኔ እጄ ቀለም ነው እላለሁ። ታጥቤ ስመለስ እንደገና ትዘረጋለች፤ ወገቤን አሞኛል እላለሁ። ይዣት ቆሜ ያ ነገር ቢመጣ፣ የሲሚንቶው ወለል ላይ ጭንቅላቷ... አልጨርሰውም። አንድ ቅዳሜ ሜትሮ ሊጠይቀን መጣ። ልጅቷ አየችኝ፣ እሱን አየችው፣ እጇን ለእሱ ዘረጋች። እኔ ዘንድ መሞከሩን ትታዋለች። ጥርሴን ነክሼ ሳቅሁ እታለሜ።

ባለፈው ሳምንት የቀጠሮ ቀን ስለነበር ሆስፒታል ሄድን። ባለቤቴ ገና ሳትቀመጥ «ዶክተር፣ ያኔ ሊመጣ ነው ያልሽን ወይስ ላይመጣ?» አለቻት። ሐኪሟ መጀመሪያ ሳቀች፤ ፊታችንን ስታይ ግን ሳቋን ተወችው። የትኛውን እንዳለች እንደማታስታውስ፣ የትኛውንም ብትል ግን ልክ እንደምትሆን ነገረችን። ሊመጣ የሚችል ነገር ላይመጣም ይችላል፤ ሳይመጣ በቆየ ቁጥር የመምጣቱ ነገር እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከዚህ በላይ የሚያውቅ ሰው ካገኛችሁ ለእኔም ንገሩኝ አለች። አምስት ወር የተጨቃጨቅንበት ነገር በዚሁ አለቀ። ሁለታችንም አልተረታንም።

ተነሥተን በሩ ጋ ስንደርስ፣ ለማንም ሳልጠይቀው የኖርኩት ነገር ከአፌ አምልጦ ወጣ። ልጄን ማቀፍ እችላለሁ ወይ አልኳት። ሐኪሟ ምን እንደጠየቅኳት ያልገባት ይመስል አየችኝ። «ቁጭ ብለህ እቀፋታ» አለች። ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፈህ ቁጭ በል፣ ይዘሃት ደረጃ አትውጣ፣ ብቻህን አታጥባት፤ በቃ። አምስት ወር የተራብኩት ለዚህች መልስ ነው። እምቢ እንዳትለኝ ፈርቼ እኮ ነው ያልጠየቅኳት።

ቤት እንደገባን ባለቤቴ «አንተ ያንተን ቃል ያዝ፣ እኔም የኔን እይዛለሁ፤ ልጅቷን ግን ተቀበለኝ፣ እጄ ዝሏል» አለችኝ። ምንጣፉ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ጭኔ ላይ አስቀመጠቻት። ልጅቷ እንደ እንግዳ ትክ ብላ አየችኝ፤ አፍንጫዬን ያዘች፣ ጆሮዬን ጎተተች፣ ሲደክማት ደረቴ ላይ ተኛች። ከብዳለች እታለሜ። ባላቀፍኳት ጊዜ ውስጥ ሌላ ሰው ሆናለች። ለካ ክብደቷን እንኳ ከሰው አፍ ነው የምሰማው የነበረው።

ትንሽ ቆይቶ እግሬ መደንዘዝ ጀመረ። መጣ አልኩ፤ ልማድ ነው። ከዚያ ግን ወደ ታች አየሁ። ያቺ ሐኪም በዚያ ሁሉ መሣሪያ ፈልጋ መነሻውን ልታገኝልኝ አልቻለችም፤ ይኼኛውን ግን እኔው አወቅሁት። እግሬ የደነዘዘው ልጄ ስለተኛችበት ነው። ባለቤቴ ልቀበልህ ስትለኝ እምቢ አልኳት።

ፍርሃቱ ሄደ ብዬ አልዋሽሽም። ዛሬ ጠዋትም ፔኔሎ ሳጥብ እጄ የተንቀጠቀጠ መስሎኝ ቆሜ ጠብቄዋለሁ። ለካ የውሃው ቅዝቃዜ ኖሯል።

ለጋሼ ከፍ ያለ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ የቤታችሁን በር ሊቀባ ሲያስብ መጀመሪያ በደንብ ይፈግፍገው። ትልቋን በርቺ በያት። ትንሹን ጨቅጫቃ ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ። ሜትሮ ሳያውቃችሁ ሁላችሁንም ሰላም ብሏል፤ ባለቤቴም እጅ ትነሣለች። አንቺ ደግሞ ሌሊት እየተነሣሽ እንዳታለቅሺብኝ፤ አውቅሻለሁ።

እማዬን እግሯን ሳሚልኝ። ስትነግሪያት «ጣለው» የሚለውን ቃል እንዳትጠቀሚ፤ ያ ቃል ያስደነግጣታል፣ እኔንም አይገልጸኝም። አንድ ቀን ወደቀ በያት። መውደቅ የሰው ሁሉ ነው። ምን ሆኖ ነው ካለችሽ እነሱም አላወቁም በያት። አሁንስ ካለችሽ ተነሥቷል፤ ተነሥቶም ቁጭ ብሎ ልጁን ታቅፏል በያት።

ወንድምሽ

ከቤታችን፣ ምንጣፉ ላይ ሆኜ
ኅዳር 17 ቀን