ከቀጠሮው እሁድ በፊት

ዛሬ ዓርብ፣ ወሩ በገባ በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት።

እኔ በዚህ ቤት አርባ አራት ዓመት ልብስ ስሰፋ የኖርሁ፣ የሟቹ አናጢ ሚስት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ዕድሜዬ ሰባ ሁለት የሆነ፣ ልቤ ደክሞ እግሬ ቢያብጥም አእምሮዬ ያልደከመ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ የመጨረሻ ፈቃዴን በሦስት ምስክሮች ፊት በቃሌ እናገራለሁ። የምናገረውን የሚጽፈው የጸሎት ማኅበራችን መምህር ነው። ምስክሮቼም ጡረታ የወጣችው ነርስ፣ ግንበኛውና የግቢ ጎረቤቴ ብረት በያጁ ናቸው።

በያጁ ከማኅበራችን አይደለም። እሁድ እሁድ ስንዘምር መዶሻውን የሚያሳርፍልን ደግ ጎረቤት ነው። ነገ ተነገ ወዲያ «እርስ በርሳቸው ተማክረው ጻፉት» የሚል እንደሚመጣ ስለማውቅ፣ ለማንም የማይወግን አንድ ሰው ይኑር ብዬ ጠራሁት። ነርሷ አእምሮዬን ልትመረምር ቀኑንና የልጆቼን ዕድሜ ጠይቃኝ በትክክል መልሻለሁ። እኔ ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት የተዋሰኝን መሰላል ብጠይቀው፣ በያጁ «አእምሮዋስ ጤነኛ ነው፣ በዚህ እኔ እመሰክራለሁ» ብሏል። መሰላሉ ይመለስ።

አንደኛ፤ ስለ ፊተኛው ክፍል።

ይህ ክፍል ቀድሞ ሁለት ነበር። ማኅበራችን ዛሬ በአንዱ ቤት፣ ነገ በሌላው ቤት መንከራተት በሰለቸው ጊዜ ባለቤቴ የመካከሉን ግድግዳ አፍርሶ አንድ አደረገው። ዐሥራ አራት አግዳሚ ወንበርም በእጁ ሠራ። የመጨረሻው ወደ ግራ ያዘነብላል፤ እሱን ሲሠራ ታሞ ነበርና። ማንም ስለማይወደው ዘግይቶ የመጣ ሰው ይቀጣበታል። በዚህ ክፍል ልጆቻችንን ድረናል፣ ሙታናችንን ሸኝተናል፣ ተኳርፈን ታርቀናል።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ሰው መጣ። ያን ጊዜ «እንግዳው» አልነው፤ ስሙም በዚያው ቀረ። ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣ፣ ወለል የሚጠርግ፣ የታመመ የሚጠይቅ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። «ምነው እንዲህ ያለ ልጅ በኖረኝ» ማለቴን ታላቅ ልጄ ሰምቶ እስከ ዛሬ አልረሳልኝም። ጸሎት እንዲመራ ፈቀድንለት። ቀጥሎ እያንዳንዳችን ለየብቻ እየገባን ሸክማችንን እንድንነግረው አስለመደን። ወር ሳይሞላ የነገርነውን ያንኑ በጉባኤ መካከል ዐይኑን ጨፍኖ «ተገለጠልኝ» ይል ጀመር። የነገረው ሰው በድንጋጤ፣ ያልነገረው በፍርሃት አንገቱን ደፋ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ነው፤ መሄዳችንን ያወቅነው ዳርቻው ከራቀን በኋላ ነው። በመጨረሻ መድኃኒት መዋጥ እግዚአብሔርን መጠራጠር ነው ብሎ አስተማረ። የተቃወመ ሰው አልነበረም። እኔም አልተቃወምሁም።

ፊተኛውን ክፍል ከነወንበሮቹ ለማኅበሩ አወርሳለሁ። ዛሬ የቀረነው ዐሥራ አንድ ነን፤ ሁለት ሰው ብቻ ቢቀርም ክፍሉ የሁለቱ ነው። ለእንግዳው፣ እሱ ለሚልከው፣ ወይም «በሞት አልጋዋ ላይ ሰጥታኛለች» ለሚል ለማንም አልሰጠሁም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰዎች ከእሱ ዘንድ መጥተው ክፍሉን በሜትር ለኩ። ምን ልትሠሩበት ነው ብዬ ብጠይቅ፣ አንደኛው ጣሪያውን እያየ «ገና ነው፣ እማማ፤ ቀኑ እስኪደርስ ነው» አለኝ። ሜትሩን ጠቅልለው፣ ተሰናብተው፣ በሩን በቀስታ ዘግተው ሄዱ።

ሁለተኛ፤ ለግንበኛው ያለብኝ ዕዳ።

ይህን ግንበኛው ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰማል። ሚስቱ የስኳር ሕመምተኛ እንደ ነበረች፣ እንግዳው ከከለከለ በኋላም መርፌዋን እንደ ተወች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የማታውቁት ይህ ነው። ግንበኛው ሩቅ ከተማ ሕንፃ ሊሠራ በሄደበት ወር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ቀሚስ ላስጠብብ ብላ ወደ እኔ መጣች። ቀሚሱ እውነትም ሰፍቷት ነበር። ወገቧን ስለካ መርፌዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ማሽኔ ላይ አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ እርስዎ ካሉኝ እወጋዋለሁ» አለችኝ። «እሱን ስሰማ እፈራለሁ። መርፌውን ሳይም እፈራለሁ።»

አፌ ውስጥ ስፒል ይዤ ነበር። ስፒሎቹን አንድ በአንድ እያወጣሁ ቀሚሷ ላይ ሰካሁ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ የተባልሽውን አድርጊ፤ ጌታ ያውቃል» አልኋት። የጌታን ስም የጠራሁት ፍርሃቴን ልሸፍንበት ነው። በጉባኤ ፊት ስሜ እንዳይነሣ ፈርቼ ነበር። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተች። ቀሚሱን አጥብቤ፣ ተኩሼ፣ ሰቅዬው ነበር።

ግንበኛው፣ ይቅርታ እለምንሃለሁ፤ ብትነፍገኝም አልቀየምህም። የባለቤቴን የአናጢነት ዕቃ ከነሳጥኑ ለአንተ ትቻለሁ። ካሳ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ግን ዕቃ የሚያከብር እጅ ያለህ አንተ ነህ።

(ጸሐፊው፦ በዚህ ቦታ ነርሷ ለግንበኛው ውሃ ብትሰጠው ተቀብሎ ሳይጠጣ ያዘው። ተናዛዧም ጠበቀችው። በኋላ «ይቀጥሉ፣ እትዬ» አለ።)

ሦስተኛ፤ በሩን ስለ ዘጋሁበት ቀን።

ከቀብሯ በኋላ በመጣው እሁድ እንግዳው ቆሞ፣ ሟቿ የሞተችው እምነት ጎድሏት ነው ብሎ አስተማረ። ግንበኛው በፊተኛው ወንበር ተቀምጦ መዳፎቹን ያይ ነበር። እኔ እንዴት እንደ ተነሣሁ አላውቅም።

«እሷ እምነት አልጎደላትም፤ የጎደላት መርፌዋ ነው» አልሁት። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ክፍል አታስተምርም።»

አልተቆጣም። መጽሐፉን አጠፈ፣ መነጽሩን በመሐረብ ወለወለ። በአጠገቤ ሲያልፍም ጎንበስ ብሎ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ይዝጉት፣ እናቴ። የሚያስከፍተው የእርስዎ አስከሬን ነው» አለኝ። ከሰባ ስምንት ሰው ስድሳ ሰባቱ ተከትሎት ወጣ። ታናሽ ልጄም ከበሩ ላይ ዞራ አየችኝና ወጣች።

የዚያን ቀን ድፍረቴን ያመሰገናችሁ ሁሉ ቀሪውንም ስሙ። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር መጸለይ አቃተኝ። ስንበረከክ የእሱ ቃል ጆሮዬ ላይ ይመጣል። እውነተኛው እሱ ሆኖ አመፀኛዋ እኔ ብሆንስ እያልሁ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እቀራለሁ። አንድ ሥራ ብቻ አላቋረጥሁም፤ ቅዳሜ ክፍሉን እጠርግ ነበር። እሁድ የቀራችሁት ትመጣላችሁ። ነርሷ ታነባለች፣ መምህሩ ይጸልያል፣ እኔ ባዘነበለው ወንበር ላይ ዝም እላለሁ። ማንም «ምነው ዝም አልሽ?» አላለኝም። የራሴ ቃል በጠፋብኝ ጊዜ በእናንተ ቃል ተደግፌ ቆምሁ። አንድ ማክሰኞ እጅጌ ስገጥም ሳላስበው «አባት ሆይ» አልሁ፤ ክሩ እስኪያልቅ ድረስም አላቆምሁም። ስለዚህ ከእናንተ መካከል መጸለይ ያቃተው ሰው ሲኖር ከወንበሩ አታስነሡት። ይቀመጥ። ተራው እስኪደርስ ሌላው ይጸልይለት።

አራተኛ፤ ስለሚመጣው እሁድ።

ከሦስት ወር በፊት ሐኪሙ ልቤ መድከሙን፣ መድኃኒቴን ሳላቋርጥ ከወሰድሁ ግን ገና ዕድሜ እንዳለኝ ነገረኝ። አብራኝ የነበረችው ታናሽ ልጄ ናት፤ መታመሜን ሰምታ ልታስታምመኝ ተመልሳ ነበር፤ ከእንግዳው ጉባኤ ግን አልቀረችም። በሳምንቱ እንግዳው በሚሰበስብበት መጋዘን ቆሞ፣ በሩን የዘጋችው አሮጊት ልቧ ተይዞ በዚህ በሚመጣው ወር የመጀመሪያ እሁድ ትሞታለች ብሎ ተናገረ። ስለ ልቤ ከሰማይ ሰማሁ አለ። የሰማው ከእኔ ቤት ነው።

ያ እሁድ ከዛሬ በዘጠነኛው ቀን ነው። መንገድ ላይ ነርሷን የሚያገኟት ሰዎች ከሰላምታ በፊት «አለች?» ይሏታል። ዳቦ የሚሸጥልኝ ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶ እንድጠግንለት የሰጠኝን የዱሮ ሱሪውን ወስዷል፤ ሳይጠገን። ከቀረነው ከዐሥራ አንዱ ውስጥም ቀኑን የምትቆጥሩ አላችሁ፤ ስታዩኝ በዐይናችሁ ስትመዝኑኝ አውቃለሁ።

ስለዚህ በሕይወት ሳለሁ እናገራለሁ። በዚያ እሁድ ብሞት የታመመ ልብ ቆመ እንጂ የእሱ ቃል አልገደለኝም። በዚያ ቀን የሞተ ሰው ሁሉ ጠላቱ ነበር ማለት ነው? ከፍርሃት የተነሣ ወደ መጋዘኑ የሚሮጥ ሰው ይህን ያስታውስ፤ እኔ ሰባ ሁለት ዓመት የተሸከመኝን አምላክ በአንድ ቀን ቀጠሮ አልለውጥም። ነፍሴን ለእሱ አደራ ብያለሁ።

አምስተኛ፤ ለታናሽ ልጄ።

የስፌት ማሽኔን፣ መቀሶቼን፣ የአዝራር ቆርቆሮዬን ለእሷ አወርሳለሁ። ማሽኑ ሲያስቸግር ጎኑን መታ ማድረግ ነው፤ ዘይት ሲበዛበት ይባልጋል። ውርሱ እሷ ወዴትም ብትሄድ የእሷ ነው።

ከጀርባዋ አላወራሁም፤ ይህን ስናገር በሩ አጠገብ ቆማ ትሰማለች። መድኃኒቴን በየጠዋቱ እየፈጨች በማር በጥብጣ የምታጠጣኝ እሷ ነበረች። ባለፈው ወር እግሬ እንደ ገና አበጠ፣ ትንፋሼም አጠረ። ነርሷ ምክንያቱ ጠፋባት። ባለፈው ማክሰኞ የበያጁን ሸሚዝ አዝራር ልተክል ቆርቆሮውን አወረድሁ። ዐይኔ ደክሟል፤ የምሠራው በጣቴ ነው። አዝራር ቀዳዳ አለው። ጣቴ ቀዳዳ የሌለው አገኘ። ሌላም አገኘ። አርባ ሦስት ክኒን ቆጠርሁ። አርባ ሦስት ጠዋት የጠጣሁት ማር ብቻ ነበር።

ጠርቻት ይህ ምንድን ነው አልኋት። አልዋሸችም። እንግዳው ቀኑን የሚያመጣብኝ መድኃኒቱ እንደ ሆነ፣ እሷ ከከለከለችኝ ግን ቀኑ እንደሚነሣልኝ ነግሯት ነበር።

«እማ፣ እንድትኖሪልኝ ብዬ ነው» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አልጣልሽውም?»

እኔ እንዲህ አስባለሁ፤ ሙሉ በሙሉ ያመነችው ቢሆን ኖሮ ትጥለው ነበር። አርባ ሦስት ጊዜ መጣል አቅቷት እኔ እጄን በምሰድበት ዕቃ ውስጥ አስቀመጠችው። እሱ ያልደረሰበት ስፍራ በልጄ ውስጥ አለ።

ይቅር ብያታለሁ። አሁን መድኃኒቱን ነርሷ በእጇ ትሰጠኛለች፤ የጎደለብኝን መተካቱን ግን እንደምትጠራጠር አልደበቀችኝም። ነገ ጠዋት ታላቅ ልጄ ሆስፒታል ያስገባኛል። የምሄደው ልታከም ነው፤ ይህም ይጻፍ።

ስድስተኛ፤ ለታላቅ ልጄ።

የኋለኞቹን ሁለት ክፍሎች ከእህትህ ጋር እኩል ትካፈላላችሁ። ልጄ፣ አውቶቡስ ስትነዳ ፍሬንህ መልካም ነው፤ በቁጣህ ላይ ግን ፍሬን አልተገጠመልህም። እንግዳውን ልትደበድብ ስትሄድ ሁለት ጊዜ ከመንገድ መልሼሃለሁ። አንድ ጥፊ ብታሳርፍበት ለእሱ ሠርግና ምላሽ ነው። እህትህንም «ገዳይ» ብለህ ከጠራሃት፣ በዚያው ቀን የእኔ ልጅነት ይቅርብህ።

ሰባተኛ፤ ስለ ቀብሬ።

እንግዳው ይመጣል። ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፣ ከሁላችሁም አብልጦ ያለቅሳል። አትግፉት። አፉን ከመክፈቱ በፊት ግን መምህሩ ይህን ኑዛዜ በሰው ሁሉ ፊት ያንብብ። አምስተኛውን ክፍል ልጄ በፊርማዋ ካልፈቀደች ማንም አያንብበው። ያ ክፍል ካልተነበበ ብዙ ሰው እሱን ሊያምን እንደሚችል ተነግሮኛል፤ አውቄ ነው ያልሁት። እሱ የሰውን ምሥጢር በጉባኤ አወጣ። እኔ የልጄን አላወጣም።

ያልሁት ይኸው ነው። ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፣ በገዛ እጄም ፈርሜአለሁ።

የተናዛዧ ፊርማ፦ ፈርማለች።

ምስክር፣ ነርሷ፦ ፈርማለች።

ምስክር፣ በያጁ፦ ፈርሟል፤ መሰላሉን ነገ ለመመለስ ቃል ገብቷል።

ምስክር፣ ግንበኛው፦ ፈርሟል። ከመፈረሙ በፊት ወደ አልጋው ቀርቦ፣ «ቀሚሱ የት አለ?» ብሎ ጠየቀ። ተናዛዧ ቁም ሣጥኑን አመለከተችው። አውጥቶ፣ አጥፎ፣ ብብቱ ሥር ይዞታል።

አምስተኛው ክፍል በቀብር ላይ እንዲነበብ ፈቃድ፣ የታናሽ ልጅ ፊርማ፦

(ጸሐፊው፦ ታናሽ ልጅ ከበሩ አጠገብ መጥታ ብዕሩን ከእጄ ወስዳለች። ከተቀበለችው ሩብ ሰዓት አልፏል። ይህን መሥመር የምጽፈው በእርሳስ ነው፤ ብዕሩ ገና በእጇ ነውና።)