ከምንጩ እስከ ሮቶው፦ የመምህር አስማረ ይርዳው የሕይወት ታሪክ

መምህር አስማረ ይርዳው ከአባታቸው ከአቶ ይርዳው መኮንን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ አበጋዝ በቀድሞው ወሎ ክፍለ ሀገር፣ ላስታ ውስጥ ጥር 21 ቀን 1969 ዓ.ም. ተወለዱ። በ1977ቱ ድርቅ ቤተሰቡ በሰፈራ ወደ ጋምቤላ ሲመጣ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከመቲ ወጣ ብላ በጫካ መሃል በተመሠረተችው መንደር አንድ ክረምት ሳያልፍ አባታቸው በወባ ሞቱ። ያኔ በአካባቢው ቤተ ክርስቲያን አልነበረምና ሰፋሪው ሙታኑን ከመንደሩ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ቀበረ። በዚያ ዓመት ብቻ ሃያ ሰባት ሰው ተቀብሯል። ይህን ታሪክ የጻፈችው ታናሽ እህታቸው ሺታዬ አባቷን የምታውቀው በመቃብሩ ብቻ ነው።

መምህር አስማረ የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደሩና በመቲ፣ የሁለተኛ ደረጃውን ደግሞ በጋምቤላ ከተማ ተከታትለዋል። በ1988 ዓ.ም. በውሃ ምህንድስና ሊማሩ ወደ አርባ ምንጭ ሲሄዱ፣ እናታቸው ከመቃብሩ ማዶ ካለው ምንጭ በእንስራ ውሃ ተሸክመው ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኟቸው። “እማዬ፣ ይህን ውሃ ደጅሽ ድረስ አመጣልሻለሁ” ብለው ተሰናበቱ። እናት ቃሉን ይዘው ቀሩ፤ እስከ ዛሬም እንደያዙት ናቸው።

በ1993 ዓ.ም. ተመርቀው በጋምቤላ ከተማ በአንድ ኮሌጅ መምህር ሆኑ፤ የፈሳሽ መካኒክስ መግቢያ የሚባለውንም ትምህርት ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አስተማሩ። በ1996 ዓ.ም. ከወይዘሮ ትርንጎ አያሌው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። ትምህርቱን የፈሩ ተማሪዎች በእሳቸው እጅ ይድኑ ነበር። በጠመኔ “የተሰጠ፣ የተጠየቀ” ብለው ጽፈው ሁለት ክብ ያደርጋሉ፤ አንዱ ውሃው የሚነሳበት፣ ሌላው የሚደርስበት ነው። የሁለቱን የከፍታ፣ የግፊትና የፍጥነት ድምር እኩል አድርጎ ማስላት ነው እንግዲህ። “መሃሉን ለቀቅ አድርጉት” ይሉ ነበር። አንድ ቀን ከኢታንግ የመጣ ጋትኬክ የሚባል ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ “መምህር፣ መሃል ላይ ቧንቧው ጉብታ ካለበትስ?” ሲል ጠየቃቸው። “ፈተና ላይ አይመጣም፤ አታስብ” አሉት። ክፍሉ ሳቀ፤ ጋትኬክም አብሮ ሳቀ።

በ2007 ዓ.ም. አንድ የእርዳታ ድርጅት ለመንደሩ ቧንቧ ሲሰጥ መስመሩን የለኩት ራሳቸው መምህር አስማረ ናቸው። ምንጩ መንደሩ ውስጥ ከተተከለው የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ በስድስት ሜትር ከፍ ይላል፤ ውሃው ያለ ሞተር በገዛ ክብደቱ መምጣት ይችል ነበር። ቀጥተኛው መስመር ግን በመቃብሩ መሃል፣ በአባታቸው ግርጌ ያልፋል። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ቁፋሮው ፊት ቆመው፣ “እኔ በሕይወት እያለሁ ይርዳው ላይ ዶማ አይነሳም!” አሉ። ከታች ገደል ስለሆነ ቀሪው መንገድ በላይ በኩል መዞር ነው። መምህር አስማረ ያን ጊዜ ጋምቤላ ተማሪዎች እየፈተኑ ነበር። ስልክ ሲደወልላቸው ሥሌቱን አውጥተው አዩት፤ መነሻውና መድረሻው አልተነኩም። “ዙሩበት፤ ችግር የለውም” አሉ። ለእናታቸው እንቢ የማለት አንጀትም አልነበራቸውም።

የዞሩበት ጉብታ ከምንጩ ራሱ በአንድ ሜትር ከሩብ ይበልጥ ነበር። በምረቃው ቀን መንደሩ በሙሉ ጀሪካን ደርድሮ ሲጠብቅ ውሃው መቃብሩ ጥግ ደርሶ ቆመ።

ድርጅቱ ሪፖርቱን ጽፎ ሄደ። መምህር አስማረ ግን በየበጋው ይመለሱ ነበር። ቧንቧውን ከሁለቱም ጫፍ ዘግተው፣ ከጉብታው አናት በባልዲ ሞልተው አናቱን ከደፈኑ በኋላ ጫፎቹን ሲከፍቱት ውሃው ራሱን ስቦ ይሻገራል። በ2009 ዓ.ም. በዚህ መንገድ ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ መጣ፤ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስም ደጃቸው ላይ ቀድተው ጠጡ። በአራተኛው ቀን ጉብታው ላይ አየር ገብቶ ቆመ። በሚቀጥለው ዓመት ግማሽ ቀን፣ ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት መጣ። ባልዲውን አብሯቸው ይሸከም የነበረው ያው ጋትኬክ ነው፤ አሁን የኮሌጁ መምህር ነው። ያችን ጥያቄ አንድም ቀን አላነሳባቸውም። እህታቸው ግን አንስታባቸዋለች፤ ይቅር ይበሏት።

በመጨረሻ ከመቃብሩ ጥግ ቧንቧው ተቆርጦ ቦኖ ተገጠመለት። ሙታን ጥግ የሚቀዳ ውሃ ነው ተብሎ የሚጠጣው ግን ጠፋ። ለዓመታት ያገለገለው የመቃብር ሲሚንቶ ለማቡካት ነው።

መምህር አስማረ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ተይዘው በጋምቤላና በጅማ ሲታከሙ ቆዩ። በመጨረሻ ሐኪሙ ውሃ በኩባያ ለክተው እንዲጠጡ አዘዛቸው፤ ጎንጨት ባሉ ቁጥር ወረቀት ላይ ይመዘግቡ ነበር። እናታቸው ከመንደር መጥተው አልጋቸው አጠገብ ተቀመጡና፣ “ልጄ፣ በአባትህ በኩል ይቆፈር። ፈቅጃለሁ” አሏቸው። ልጅ የእናታቸውን እጅ ያዙ። ከቦኖው እስከ ሮቶው የቀረው የፕላስቲክ ቧንቧ በእሳት ቃጠሎ ቀልጦ ካለቀ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ ይህን ለእናታቸው የነገራቸው የለም። ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ48 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

እናታቸው ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ፣ ልጆቻቸው ቤዛዊትና ማኅደር፣ እህታቸው ሺታዬ እንዲሁም ቁጥራቸው የበዛ ተማሪዎቻቸው በሐዘን ቀርተዋል።

ዛሬ የሚያርፉት እንደ ፈቃዳቸው በመንደራቸው፣ ከአባታቸው ጎን ነው። መካነ መቃብሩን የለካው ጋትኬክ ቦታው በዚያ በቀጥተኛው መስመር ላይ መሆኑን አይቶ ለሺታዬ ነገራት። ሌላ ባዶ ቦታ አልነበረም። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ባልና ልጃቸውን ለማስቆፈር ከእንግዲህ አይጠየቁም፤ የሚጠይቃቸውም ሰው ይኸው ሄደ። ሲሚንቶው የሚቦካው ከቦኖው በተቀዳ ውሃ ነው።

እግዚአብሔር ለነፍሳቸው የእነዚያን ሦስት ቀናት ዓይነት ደስታ ይስጥልን፤ አራተኛው ቀን የማይመጣበት ይሁን። አሜን።