ለአንጎል ቀን የመጣው አንጎል የት እንደገባ

ለክቡር ኤቡ አምፒያ፣
የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም የሆድዎን ሁኔታ፣ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ በዚህች የጋና ባሕር ጠረፍ ያለን መምህራንና ተማሪዎች፣ ከአንዲት ልጅ በቀር፣ ደህና ነን።

ባለፈው ማክሰኞ ተማሪዎቻችን የአንጎል ሳይንስን እንዲወዱ ባዘጋጀነው ቀን በክብር ተገኝተውልናል። ምስጋናዬ ብዙ ነው፤ ቅሬታዬ ግን በንግግር ብዛት እንዳይጠፋብኝ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

፩. በክብር ጠረጴዛው የተቀመጡት አሥራ አራት እንግዶች አንድ በአንድ ራሳቸውን አስተዋወቁ፤ የዕለቱ ሊቀ መንበር ሊቀ መንበርነቱን መቀበላቸውን በረጅም ንግግር ገለጹ፤ እርስዎም «አጭር ነው፣ አላሰለቻችሁም» ብለው ስለ አንጎል ጥቅም ሰዓት ተኩል አስተማሩን። ፀሐይ ላይ የነበሩት ልጆች ቆሞ ማንቀላፋት እንደሚቻል ተምረዋል፤ ይህም ከአንጎል ሳይንስ አንድ ምዕራፍ ነውና እናመሰግናለን።

፪. ሥጋ ሻጩ ማላም ሳንዳ ለትምህርት ብሎ የሰጠን የበሬ አንጎል በበረዶ ሳጥን ውስጥ፣ ከእንግዶች ውሃ አጠገብ ነበር። ወጥ ሠሪያችን እማማ ማንሳ ግን በእንግዳ ቀን ከሥጋ ቤት በበረዶ የሚመጣ ነገር ሁሉ የክብር ጠረጴዛው ድርሻ መሆኑን ስለሚያውቁ፣ ማንንም ሳይጠይቁ ከካሳቫ ገንፎው ከፉፉ ጋር በሚቀርበው ሾርባ ውስጥ ጨመሩት። ብቆጣ «ታዲያ አንተ ልጅ፣ አለቃ መጥቶ ደህናውን ሥጋ ለሕፃናት ልትሰጥ ኖሯል?» አሉኝ። እርስዎም «እማማ ማንሳ፣ ይቺ ለስላሳዋስ ምን ትባላለች? እስቲ ይጨምሩልኝ!» ማለትዎን መላው ድንኳን ሰምቷል።

፫. ይህኛው ቀልድ የለውም። ያ አንጎል የመጣው ለአራባ ነበር። አራባ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የሚጥል በሽታ አለባት። ጓደኞቿ መንፈስ ነው ብለው አግዳሚ ወንበሩን ለብቻዋ ለቀውላታል። ዓሣ በጭስ አድርቀው የሚሸጡት እናቷ ከትምህርት ቤት ላስወጣት ሲሉኝ፣ ሕመሙ ከየት እንደሚነሣ በዓይናቸው እንዲያዩ ለመንኳቸው። በጠረፋችን ልማድ ማክሰኞ ጀልባ ባሕር ስለማይወጣ መጡ። የዓሣ ትሪያቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ንግግሩን ሁሉ ጨረሱ። በመጨረሻ ባዶውን ሳጥን ስከፍት፣ «መምህር፣ የሚታየው የቱ ነው?» አሉኝ። ከዚያም ትሪያቸውን አንሥተው የልጃቸውን እጅ ይዘው ሄዱ። አራባ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። አፍሬያለሁ፤ ተናድጃለሁም።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። እኚያ እናት ሰዓት ተኩል ሙሉ አዳምጠውዎታልና፣ እርስዎም ወደ ዓሣ ማጨሻቸው ወርደው፣ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ ነገሩ የሚታከም ሕመም እንጂ መንፈስ አለመሆኑን ሁለት ደቂቃ ይንገሯቸው። የእኔን ቃል አልተቀበሉኝም፤ የባለ ሥልጣን ቃል ግን ይሰማሉ።

ለተናገሩት፣ ለበሉትና ላስጨመሩት ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ የማመሰግን ታዛዥዎ፣
ፊፊ ኤጂር
የሳይንስ መምህር

ማሳሰቢያ፦ ማላም ሳንዳ ለመጪው ማክሰኞ ሌላ አንጎል ሊሰጠን ቃል ገብቷል። የክብር ጠረጴዛ አይኖርም። እናቷን አሳምነው ካመጡልን፣ ሳጥኑን የምትከፍተው አራባ ናት። እርስዎም ተጋብዘዋል፤ ብቻ እባክዎ በልተው ይምጡ።