እናቴ ባሕር እንዳታይ ለደከመው ኮሚቴ

ለተከበሩ ጋሼ ኡስማን
በሎስ አንጀለስ የገራዶ ልጆች መረዳጃ ማኅበር የእንግዳ ተቀባይ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ፌርፋክስ ጎዳና

ክቡርነትዎ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ጉልበትዎስ? ስኳርዎስ ልክ ገብቶ ይሆን? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ጠግበን፣ ተመርቀንና ተሸኝተን ዴንቨር በሰላም ገብተናል።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ውለታዎ በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው፤ በስልክማ ቢሆን ከሰላምታው በኋላ ተራ እንደማይደርሰኝ አውቃለሁ።

እንደሚያስታውሱት እናቴ ወይዘሮ ሲቲና ከደሴ፣ ከዚያችው ከገራዶ፣ የመጣችው ለሦስት ወር ነበር። ሟቹ አባቴ ከደሴ አሰብ ሲመላለስ የኖረ የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበረ፣ ከየጉዞው ሲመለስ ስለ ባሕሩ እያወራ፣ «በሚቀጥለው ይዤሽ እሄዳለሁ» እያለ መንገዱ ተዘጋ፣ እሱም ሞተ። እናቴ አሜሪካ መጥታ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እግሯን ባሕር ውስጥ ማስገባት። ሁለት ቀን ሙሉ ነድቼ ሎስ አንጀለስ ያመጣኋት ለዚሁ ነበር።

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ቀድሜ ልመን። በቀጥታ ወደ ባሕሩ መንዳት ሲገባኝ ምሳ እንብላ ብዬ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት ፌርፋክስ ላይ ቆምኩ። እርስዎም የኮሎራዶ ታርጋዬን አይተው ከካፌው ደጃፍ ተነሡና «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። እኔ ደግሞ እንዳደገ ልጅ እስከ አያቴ ቆጥሬ መለስኩ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሦስቱ ቀናችን የኮሚቴው ንብረት ሆኑ። ያስጎበኙንን በተራ ቁጥር ላስፍር፦

1. በመጀመሪያው ቀን ሃውቶርን ለቅሶ አደረሱን። ሟቹ ያረፉት ደሴ ነው፣ ያውም ዓምና፤ እናቴም ቀብራቸው ላይ ተገኝታ እርማቸውን አውጥታ ነበር። ልጃቸው ኸውላ ከነቤተሰቧ ፎጣ በትከሻ ጥላ ወደ ባሕር ልትወጣ መኪና ስታስነሳ ደረስንባት። እኛን ስታይ ፎጣውን ወደ ቤት መልሳ፣ ጥቁር ሻርፕ ተከናንባ ተቀመጠች። ልጆቿ ግን ከልባቸው አለቀሱ። ስንወጣ «ሶ፣ ለቅሶውን ፊኒሽ አድርገናል፤ ነገ ቢች ነው፣ ኦኬ?» ስላሉን ከልብ እናመሰግናለን።

2. በማግሥቱ ካልቨር ሲቲ አራስ ጠየቅን። ሕፃኑ በሩ ድረስ ሮጦ ተቀበለን፤ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል። አራሷ ሥራ ገብታ ስለነበረ እስክትመለስ ድረስ ቁጭ ብለን ጠበቅናት። መራቂ እናት በሎስ አንጀለስ እንደ ፓርኪንግ ቦታ ብርቅ መሆኗን የገለጹልኝ ያን ጊዜ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ በተራ እየገባ ሲመረቅ ዋለ፤ ማታ የእናቴ ድምፅ ተዘግቶ ነበር።

3. በሦስተኛው ቀን ሳንታ ሞኒካ ይዘውን ሲሄዱ፣ አልዋሽዎትም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። የሄድነው ግን ሆስፒታል ነበር፤ ጉልበታቸውን የተቀደዱትን እትዬ ሣህሊቱን ልንጠይቅ። ከአራተኛው ፎቅ ኮሪደር መጨረሻ ባለው መስኮት፣ በሁለት ሕንፃዎች መካከል፣ የሁለት ጣት ስፋት ያለው ሰማያዊ ነገር ይታያል። እናቴ ሰማይ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይ፣ እሱ ነው አልኳት። ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ብዙ ቆየች። በእግር ሃያ ደቂቃ ነበር። እርስዎ ግን ሰዓትዎን እያዩ ፌርፋክስ ላይ ስልሳ ሰው ለስንብት ምሳ እየጠበቀን መሆኑን አሳሰቡን፤ እኔም በማግሥቱ ምሽት ዴንቨር ሥራ ነበረኝ። እናቴ «ሰው ከሚቀየም ባሕሩ ይቅር» አለችና ደረጃውን መውረድ ጀመረች።

4. ስለ ምግቡ ቅሬታ የለኝም።

ቀልዱን ላቁምና፣ ጋሼ፣ በጣም አዝኛለሁ። እናቴ ባለፈው ሐሙስ ወደ አገሯ ተሳፈረች፤ ዕድሜዋ ሰባ አራት ነው፣ ቪዛውም ዳግመኛ መገኘቱን እንጃ። የሚያናድደኝ ደግሞ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ስለ እርስዎ ደግነት ስታወራ መሄዷ ነው። እኔ ግን እምቢ ማለት ስላቃተኝ ራሴንም እርስዎንም እኩል ተቀይሜያለሁ።

ለማኅበሩ ብርታትን፣ ለኮሚቴው ጥቂት ዕረፍትን፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜን እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
ሙዳሲር ሳላሀዲን
ከዴንቨር

ማስታወሻ፦ በመጪው ወር ከባለቤትዎ ጋር በመኪና እየተጓዙ የኮሎራዶን ተራሮች ለማየት እንደሚመጡ ሰምተን ተደስተናል። እኛም ኮሚቴ አቋቁመናል። እስካሁን ሦስት ለቅሶ፣ ሁለት አራስና አንድ ዳሌውን የተቀየረ ሰው ተመዝግቦልዎታል። ተራራው ከሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ በደንብ ይታያል።