ኦርጅናሉ የጓንጉል ነው

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ቪዲዮ ቤታችን ጢም ብሎ ዋለ። ወንድሜ ኸይረዲን በር ላይ ያስገባል፣ እኔ ከመጋረጃ ጀርባ በማይክ እተረጉማለሁ። የአሜሪካ ፊልም ነው። ፀጉሯ ፊቷን የሸፈነ ሙት ሴትዮ ሰው እያነቀች ትገድላለች። በቀጭን ድምፅ "ና ወደኔ" ስል፣ ኩንታል የሚሸከሙት የሰፈራችን የሰባተኛ ጎረምሶች ተቃቀፉ። ሳቄን እንዴት እንደቻልኩት...

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ጭድ ተራ ቪዲዮ ቤት ያለው ጓንጉል የጃፓኑን አምጥቷል። ያቺው ሴትዮ፣ ያው ፀጉር። "ኦርጅናሉ እኔ ጋ ነው፣ የሰባተኛው ፎርጅድ ነው" እያለ ያስወራል። መርካቶ ውስጥ የሰው ዕቃ እንዲህ ይባላል? ኸይረዲን ደሙ ፈላ። ተው ስለው ገፍትሮኝ የፌሮ ብረት ይዞ ወጣ።
የጓንጉልን ክንድ ሰብሮ መጣ። ሸሚዙ ላይ ያለው ደም የሱ አይደለም። ባጥበው ባጥበው አልለቅ አለ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
ፊልሙ መሃል ላይ መጡ። አሸብር፣ የጓንጉል ወንድም፣ ከነጓደኞቹ። ቴሌቪዥኑን አደቀቁት። ኸይረዲንን መሬት ላይ ረገጡት፣ አሸብር በተሰበረ ጠርሙስ ዓይኑን ወጋው። ማይኩ በእጄ ነበር። ጩኸቴ በስፒከር ወጣ፤ ውጭ ያለው ሰው ፊልሙ መስሎት አልመጣም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
ግራ ዓይኑ ጠፋ። ጎረምሶቹ ሆስፒታል እየመጡ "ክፍል ሁለት መቼ ነው?" ይሉታል። ይስቃሉ! "ክፍል ሁለት ላይ አሸብር ይሞታል" አለ ኸይረዲን። እሱ አልሳቀም። እነ ጓንጉልስ ክፍል ሦስት አይሠሩም? ያኔ ማንን ልቀብር ነው?
የጃፓኑን በስልኬ አየሁት። የኛው ከሱ የተቀዳ ነው። ጓንጉል አልዋሸም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16
ከሆስፒታል ወጣ። ጃኬቱ ውስጥ ቢላ አየሁ። "ዛሬ ነው" አለኝ።
ቀደምኩት። ስፒከሩን በር ላይ አውጥቼ ማይኩን ያዝኩ። "ስሙኝ። ኦርጅናሉ የጓንጉል ነው። የኛ ፎርጅድ ነው።" ሰፈሩ ቀጥ አለ። የገዛ ዕቃውን እንዲህ የሚል ነጋዴ ማን አይቷል? ከዚያ ሳቁብን።
"ሰዓደት፣ አዋረድሽኝ" አለ ኸይረዲን።
ወሬው ጭድ ተራ ለመድረስ አልቆየም። ጓንጉል ክንዱ በጀሶ እንደታሰረ አሸብርን ይቅርታ ሊያስጠይቅ እየጎተተ መጣ። አሸብር ኸይረዲን እግር ላይ ወደቀ። የኸይረዲንን ጃኬት ጨምድጄ ይዤ አልለቀቅኩም። በመጨረሻ ኸይረዲን ቢላውን አውጥቶ እኔ እግር ስር ወረወረው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19
ቪዲዮ ቤቱ ተዘግቷል። ኸይረዲን ምሳውን ጀርባውን ሰጥቶኝ በላ።
ያኩርፍ። ዕድሜ ልኩን ያኩርፍ።